ሳይገድል የተፈረደበት ተክል

ከሰበታ ራስጌ ወጨጫ ተራራ ቆሟል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ መናገሻ ሱባ ደን የሚያቀና ሰው በመጀመሪያ በአዳዲስ የብሎኬት አጥሮች መካከል ያልፋል፤ ቀጥሎ ባሕር ዛፍ፣ ቀጥሎ የገብስ ማሳ ያገኛል። ጥዱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው ይህን ተራራ በጥድ አስተከሉት የሚለው ታሪክ በአካባቢው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል።

ጎብኚ ቀና ብሎ ጥዱን፣ ዝግባውንና ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘለውን ጉሬዛ ያያል። የዚህ ዘገባ ባለታሪክ ግን ዝቅ ብሎ፣ ደኑ ከማሳው በሚገናኝበት ዳርቻ ይበቅላል። ቁጥቋጦ ወይም ትንሽ ዛፍ ነው። ቅጠሎቹ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ለጋው የዝገት ቀለም ባለው ጠጉር ይሸፈናል፤ ምሬቱን የቀመሰ ቶሎ አይረሳውም። በኦሮምኛ ቆሞኞ፣ በአማርኛ ዋጊኖስ ወይም አባሎ ይባላል።

«ለተቅማጥ፣ ለቁስል፣ ለእከክ» ይላሉ በደን ዙሪያ ያረጁ ሰዎች። ስለ መጠኑ ሲጠየቁ ግን ይጠነቀቃሉ። ልኩን የማያውቅ ሰው እንዲነካው አይፈቅዱም፤ ለልጅና ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጨርሶ አይሰጡም።

ይህ ቁጥቋጦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ከሐምቡርግ እስከ ፓሪስ፣ በሰው ነፍስ ማጥፋት ተጠርጥሮ ነበር። ተጠርጣሪው በቦታው አልነበረም። ቅርፊቱ ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤት አልተጫነም። ሆኖም ስሙ ከአንድ መርዝ ጋር ተጣብቆ ዛሬም በኬሚስትሪ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። የዕፅዋትና የመርዝ ታሪካዊ ልቦለድ የሚወዱ አንባቢዎች እንዲህ ያለውን ሴራ በደራሲ ምናብ ውስጥ ይፈልጉታል። የዚህኛው መነሻ ግን ጎንደር ነው።

የንጉሡ ቁርስ

እ.ኤ.አ. በ1769 የጎንደር ቤተ መንግሥት በአንድ ዓመት ሁለት ነገሥታት ቀበረ። በግንቦት ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ታንቀው ተገደሉ። በምትካቸው የነገሡት ራስ ሚካኤል ከወኅኒ አምባ ያወረዷቸው የዐፄ በካፋ ወንድም ዳግማዊ ዮሐንስ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ አንድ እጃቸው የተቆረጠ ሽማግሌ። ራስ ሚካኤል ከዳሞቱ ፋሲል ጋር ሊዋጉ ሲነሡ ንጉሡ አብረው እንዲዘምቱ ፈለጉ። ሽማግሌው እምቢ አሉ። ከነገሡ አምስት ወር በኋላ፣ በጥቅምት፣ ሞቱ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ቁርሳቸው ላይ ተመርዘው ነው። ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ገና በጉርምስና ዕድሜ ዙፋኑን ተረከበ።

ብሩስ ምጽዋ የደረሰው ንጉሡ ከመሞታቸው አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ጎንደር የገባው ደግሞ በ1770 መጀመሪያ ላይ ነው። ገዳዩንም ሟቹንም በሚያውቁ ሰዎች መካከል አደረ። ፈንጣጣ ቤተ መንግሥቱን ሲመታ በእቴጌ ምንትዋብ ደጅ፣ በቁስቋም፣ ሕሙማን አስታመመ። ያንን መተማመን ያገኘው በሐኪምነቱ ነበር። መድኃኒት የሚያውቅ እንግዳ መርዝም ያውቃል ተብሎ በሚፈራበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከእርሱ ጋር የቦሎኛው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበር። ባሉጋኒ ቅጠሉን፣ አበባውን፣ የፍሬውን ቁራጭ አንድ በአንድ ይሥላል። የኮሶን ዛፍ፣ የእንሰትን ተክል፣ የግራርን ዝርያ ሣለ። ዋጊኖስንም ሣለ።

ብሩስ ስለ ዋጊኖስ የጻፈው እንደ ባለ ዕዳ ነው። በተቅማጥ ተይዞ ሲዳከም የአገሬው ሰው የዚህን ተክል ሥር አድቅቆ ሰጠው፤ ዳነ። ተክሉን ከጎንደር በስተምዕራብ ባለው የራስ ኤል ፊል አገር በደንብ አየው፤ ዘሩንም ይዞ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1779 እንግሊዛዊው ጆን ፍሬድሪክ ሚለር ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ ሁለቱንም ነገር በአንድ ስም አሰረው፦ ብሩሴያ አንቲዲሴንቴሪካ፣ ማለትም የብሩስ፣ የተቅማጥ መድኃኒት።

ስሙ የተሰጠው ለተጓዡ ነው። ሥሩን ያደቀቀው ሰው በመዝገቡ ላይ ስም የለውም።

> ሥሩን ያደቀቀው ሰው በመዝገቡ ላይ ስም የለውም።

ተጠርጣሪው ከጎንደር

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ መድኃኒት ከሌላ አህጉር መጣ። ከደቡብ አሜሪካ፣ ዛሬ ሲዩዳድ ቦሊቫር ከምትባለው የቬንዙዌላ ከተማ አንጎስቱራ፣ ለትኩሳት የሚታዘዝ መራራ የዛፍ ቅርፊት በጆንያ እየታሸገ አውሮፓ ይገባ ጀመር። ሐኪሞች ወደዱት፤ ነጋዴዎችም ገበያውን አበዙት።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ግን ቅርፊቱን የጠጡ አንዳንድ ሕሙማን በትኩሳት ፋንታ በሌላ ነገር ይሠቃዩ ጀመር። ጡንቻቸው ይገተራል፣ መንጋጋቸው ይቆለፋል፣ ሰውነታቸው እንደ ቀስት ይለመጣል፤ አእምሯቸው ግን እስከ መጨረሻው ንቁ ነው። የሞቱ ነበሩ። መድኃኒተኞች ጆንያውን ገልብጠው ሲመረምሩ ከእውነተኛው ጋር የተቀላቀለ፣ መልኩ የሚቀርብ፣ ምሬቱ የከፋ ሌላ ቅርፊት አገኙ። «ሐሰተኛ አንጎስቱራ» አሉት። አንዳንድ መንግሥታት ቅርፊቱን ከነጭራሹ ከለከሉ።

የማን ቅርፊት ነው? መልስ የሰጡ የዕፅዋት ሊቃውንት ጣታቸውን ወደ አንድ ሩቅ፣ መራራና ጥቂት ሰው ብቻ ወዳየው ተክል ቀሰሩ። የብሩስን ዋጊኖስ ነበር የጠቆሙት። ማንም ሁለቱን ቅርፊቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ አላነጻጸረም። ሊያነጻጽር ቢፈልግስ የኢትዮጵያውን ቅርፊት ከየት ያመጣዋል?

እ.ኤ.አ. በ1819 ሁለት ፈረንሳውያን ፋርማሲስቶች፣ ፔልቲየና ካቫንቱ፣ ከሐሰተኛው ቅርፊት መርዙን ነጥለው አወጡ። በዋዜማው ዓመት ስትሪክኒንን ያገኙት እነሱው ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ለወባ ኪኒንን ይነጥላሉ። ለአዲሱ መርዝ ስም ሲፈልጉ የተከሰሰውን ተክል ስም ወሰዱ፦ ብሩሲን።

ተክሉ ንጹሕ ሆኖ የተገኘው ዘግይቶ ነው። ሐሰተኛው ቅርፊት የእስያ ዛፍ፣ የስትሪክኖስ ኑክስ ቮሚካ፣ ቅርፊት መሆኑ ተረጋገጠ፤ ስትሪክኒን የሚገኝበት ያው ዛፍ ማለት ነው። ዋጊኖስ በውስጡ ስትሪክኒንም ብሩሲንም የለውም። የመርዙ ስም ግን አልተቀየረም። ዛሬም በየላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ «ብሩሲን» የሚል ጠርሙስ የሚያነሣ ተማሪ፣ ወንጀሉን ያልፈጸመ የጎንደር ተክል ስም ይዟል።

ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ እዚህ ላይ ብትነሣ ነገሩ ይያያዛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ ቶርኪ ከተማ በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ትሠራ ነበር፤ የመርዝ ዕውቀቷን ያገኘችው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 የታተመው የመጀመሪያ ልቦለዷ፣ «የስታይልስ ምስጢራዊ ጉዳይ»፣ ሟቿን የሚገድለው በስትሪክኒን ነው። የፋርማሲ ባለሙያዎች መጽሔት ሳይቀር ስለ መርዙ ትክክለኛ አገላለጽ አመስግኗታል። ብሩሲን የዚያው መርዝ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከአንድ ፍሬ ይወጣሉ።

ዋጊኖስ ከክሱ በኋላም ከሳይንስ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካዊው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻን ባልደረቦቹን ይዞ ከዚሁ የኢትዮጵያ ተክል ብሩሴአንቲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጣ። በላቦራቶሪ የደም ካንሰር ሕዋሳትን ሲያጠፋ ታይቶ በሰው ላይ እስከ መሞከር ደረሰ። በሕሙማን ላይ የተጠበቀውን ያህል ስላልሠራ ሙከራው ቆመ። አንድ ተክል በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ የተቅማጥ መድኃኒት፣ ነፍሰ ገዳይና የካንሰር ተስፋ ተብሎ ተጠራ። እውነት ሆኖ የጸናው የመጀመሪያው ነው፤ እሱም ቀድሞውኑ የባላገሩ ዕውቀት ነበር።

በመዳፍ የሚቀመስ ጠጅ

መርዝን መፍራት በአገራችን የማዕድ ሥርዓት ውስጥ ተጽፏል። ጠጅ አሳላፊ ብርሌውን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ከመጠጡ ጥቂት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይጠጣ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ተጓዦች በየዘመኑ ይህንን በመደነቅ መዝግበዋል። ዛሬም በገጠር ቤት ጠላ የምትቀዳ ባለቤት ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት ፉት ትላለች፤ ብዙዎች ይህን የአክብሮት ምልክት አድርገው ያዩታል፤ መነሻው ግን ዋስትና ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጽኑ ሲታመሙም ተመርዘዋል የሚል ወሬ በቤተ መንግሥት ዙሪያ ተናፍሷል። ሐኪሞች የሚያዩት ሰውነትን በድን የሚያደርግ የአንጎል ሕመም ነበር። ወሬው ግን ተክል ይፈልግ ነበር፣ እጅም ይፈልግ ነበር።

ከአገሩ መርዞች ሁሉ ዝነኛው መረንዝ ነው። በደረቅና ድንጋያማ አገር የሚበቅል፣ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ያለው ዛፍ። ከእንጨቱና ከሥሩ ተቀቅሎ የሚወጣው ዝፍት የፍላጻ ጫፍ ይቀባበታል፤ የተወጋው አውሬ ልቡ ቀጥ ይላል። ሳይንሳዊ ስሙ ጀርመናዊውን ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐርን ያስታውሳል። ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ትግራይ ገብቶ ለአራት አሥርት ዓመታት ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖረ፤ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስረኞች ጋር መቅደላ ደረሰ፤ ዐድዋ ላይ በ1878 ሞተ። ከመረንዝ ወገን በሆነ የሶማሌ ዛፍ እንጨት ላይ ፈረንሳዊው አርኖ እ.ኤ.አ. በ1888 ኡአባይን የተባለውን የልብ መርዝ አገኘ፤ በአነስተኛ መጠን ደግሞ ለልብ ድካም መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል።

የቡራዩ መንገድ ዳር

መርዝ ፍለጋ ደን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ፣ ለግንባታ በተቆፈረ አፈር ክምር ላይ፣ በቆሻሻ መጣያ ዳር፣ አስተናግር በራሱ ይበቅላል። ቅጠሉ ሰፊና የተቦጫጨቀ፣ አበባው ነጭ መለከት፣ ፍሬው ደግሞ እሾሃም ቋት ነው። አፈር በተገለበጠበት ሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ ስለዚህም ከተማ በሚስፋፋበት ዳርቻ ሁሉ ይበዛል።

አገር በቀል አይደለም። የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው። መጤ ቢሆንም የባህል ሐኪሞቻችን በፍጥነት አውቀውታል፤ ለጥርስ ሕመም ዘሩን ያጨሱታል፣ ለቁስል ቅጠሉን ይለጥፉታል። የዋጠው ሰው ደግሞ አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይሮጣል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። በየሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል የሚሠሩ ሐኪሞች በዚህ ተክል የተመረዘን ሰው ከሩቅ ይለዩታል፦ ልብሱን ይለቅማል፣ በአየር ላይ የሌለ ነገር ይይዛል። ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው፤ ዘሩን ሰሊጥ ወይም ጥቁር አዝሙድ መስሏቸው።

እዚህ ላይ ሌባሻ ይነሣል። በቀደመው ዘመን ንብረት የጠፋበት ሰው ወደ ሌባሻው ይሄድ ነበር። ሌባሻው ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ መርጦ ምስጢራዊ መጠጥ ያጠጣዋል፣ ያስጨሰዋል። ልጁ ይቅበዘበዛል፤ በወገቡ በታሰረ ነጠላ እየተያዘ በመንደሩ ይሮጣል፤ ወድቆ በተኛበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ተብሎ ይያዛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ተጓዦች ይህን ደጋግመው ጽፈዋል።

የመጠጡን ቅመማ ሌባሻዎች ለማንም አያወጡም ነበር። ተጓዦቹ የገለጹት መፍዘዝ፣ መቅበዝበዝና ድንገት መውደቅ ግን በአስተናግር ከተመረዘ ሰው ምልክት ጋር እጅግ ይቀራረባል። ጥርጣሬው ከልክ ያለፈ አይደለም፤ ወንጀል መርማሪው ራሱ ተመርዟል ማለት ነው። ድርጊቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት በመንግሥት ታግዶ ቀረ። በመርዝ በናወዘ ልጅ መውደቅ ስንት ንጹሕ ሰው ቤቱ እንደተበረበረና እንደተቀጣ ማሰብ ያማል። የልጆቹን ሰውነት ማሰብ ደግሞ የበለጠ።

> ወንጀል መርማሪው ራሱ ተመርዟል።

አስተናግር ከሚይዛቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ አትሮፒን ነው። የዓይን ሐኪም ብሌን ለማስፋት ይጠቀምበታል። በአገራችን ሆስፒታሎች ደግሞ ከዚህ የላቀ ሥራ አለው፦ አንዳንድ ዓይነት የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል የጠጣ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጋው አትሮፒን ነው። የዛሬው የኢትዮጵያ መርዝ በአመዛኙ ከደን አይመጣም፤ ከእርሻ መድኃኒት መደብር በጠርሙስ ይገዛል። ነፍስ የሚያተርፈው በአንጻሩ በቡራዩ ቆሻሻ ዳር በሚበቅለው አረም ውስጥም ያለ ንጥረ ነገር ሆኗል።

ገዳዩ ከእህሉ ጋር ሲታጨድ

በእኛ ዘመን የተፈታ አንድ እውነተኛ የዕፅዋት ምርመራ አለ፤ ከልቦለድ ሁሉ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ ይሞቱ ጀመር። ጉበታቸው ያብጣል፣ ሆዳቸው ውኃ ይይዛል፣ ሰውነታቸው ይመነምናል። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ይያዛል። የጎረቤት መንደር ደግሞ ምንም አይሆንም።

ተጠርጣሪዎቹ ብዙ ነበሩ። ውኃው፣ ተላላፊ በሽታ፣ እህል ለመጠበቅ የሚረጨው ኬሚካል። እርግማን ነው ያሉ ነዋሪዎችም ነበሩ። መንደሩን ጥለው የሄዱም አሉ። ከአገር ውስጥና ከአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የመጡ መርማሪዎች የታማሚውን ደም፣ የጉድጓዱን ውኃ፣ የጎተራውን እህል በየተራ መረመሩ።

መልሱ አጄራተም የተባለ አረም ሆነ። ጠጉራም ቅጠል ያለው፣ ነጭና ሐምራዊ አበባው እንደ ጥጥ ጉንጉን የሚታይ፤ ለዓይን የማይከፋ ተክል። በእህሉ መካከል ይበቅላል፣ ከእህሉ ጋር ይታጨዳል፣ ዘሩ ከዳጉሳውና ከጤፉ ጋር ይፈጫል። ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባለው መርዙ አንድ እንጀራ የበላን ሰው አይገድልም። በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የጉበቱን ደቃቅ የደም ሥሮች ይደፍናል። መርዙ በአረሙም፣ ከቤተሰቦች በተወሰደ እህልም ውስጥ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የተሰጠው ምክር ቀላል ነበር፤ እህሉን አበጥሩ፣ አረሙን ንቀሉ።

በጎንደርና በጎጃም ገበሬ ዘንድ የዚህ ዓይነት ዕውቀት ጥንታዊ ነው፤ ጓያን ያውቃሉና። ድርቅ ሲመጣ ሌላው ሲጠፋ ጓያ ይቆማል፤ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው ግን እግሩ ይሽመደመዳል፣ ዳግመኛም አይስተካከልም። ስለዚህ ይቀቅሉታል፣ ውኃውን ይደፉታል፣ ከሌላ እህል ጋር ይቀላቅሉታል። የሚጎዳው ባለማወቅ ሳይሆን ከረኃብ ብዛት ነው።

ሱሉልታ፣ ወንዝ ዳር

ከእንጦጦ ጀርባ፣ የጎጃም መንገድ የሱሉልታን ሜዳ ሲይዝ፣ በአሮጌ አጥሮች ላይ የሚጠመጠም እንዶድ ዛሬም ይታያል። ሳሙና ሱቅ ከገባ ወዲህ የሚለቅመው ቀንሷል። ነጠላና ጋቢ በእንዶድ የታጠበ ጊዜ የሚወጣውን ንጣት የሚያስታውሱ እናቶች ግን በከተማዋ ሞልተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ከወንዝ ዳር ቆሞ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ በታች ባለው ውኃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈዋል፤ ከላይ ባለው ውኃ ግን በሕይወት አሉ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያን ተውሳክ ተሸካሚ ነው። ገዳዩን ከአረፋው ውስጥ ለማውጣት የቀጠለው ሥራ ዓመታት ፈጀ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው።

እንደ እንዶድ በውኃ ውስጥ የሚገድል ሌላ ተክል ብርብራ የተባለው ዛፍ ነው። በጣና ዙሪያ ያሉ አሥጋሪዎች ፍሬውን ፈጭተው ወንዝ ውስጥ ይበትኑታል፤ ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። በወራጁ ላይ ዕንቁላል ለመጣል የሚወጡትን ዓሦች በጅምላ ስለሚፈጅ የዓሣ ተመራማሪዎች ይቃወሙታል።

በአራት ኪሎ ያለው ማስረጃ

ዋጊኖስን ከክስ ነፃ የሚያወጣው ነገር በመጀመሪያው ቀን ቢኖር ኖሮ ክሱ አይነሣም ነበር። የጠፋው አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ነው፤ በወረቀት ላይ የተሰፋ፣ የት፣ መቼ፣ በማን እንደተለቀመ የተጻፈበት።

ዛሬ ይህ ማስረጃ አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ውስጥ በብረት መሳቢያዎች ተደርድሯል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተካሄደው የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት ከዚህ ስብስብ ተነሥቶ 6,000 ገደማ የሚሆኑ የአገሪቱን ዕፅዋት በተከታታይ ጥራዞች መዘገበ። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ስዊድናዊቷ ኢንጋ ሄድበርግ ከአዘጋጆቹ መካከል ናቸው። ትግራይ ላይ አረሙን በስሙ መጥራት የተቻለው እንዲህ ያለ ሥራ ስለነበረ ነው።

የደን ዳርቻው ግን በፍጥነት እየተለወጠ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ የሸገር ከተማ አካል ናቸው፤ ቤት፣ ፋብሪካና መንገድ በየዓመቱ ወደ ተራራው ይወጣል። ኮሶ ለእንጨቱ ሲል ብዙ ተቆርጧል። በአንድ ወቅት አበባው በእንግሊዝ የመድኃኒት መዝገብ ላይ የሰፈረ፣ ከኢትዮጵያ እየተጫነ አውሮፓ የሄደ የትል መድኃኒት ነበር። በገበያ ቀን የመድኃኒት እንጨት የሚሸጡ ሴቶች ጤና አዳምና ዳማከሴ በቀላሉ ያገኛሉ፤ የደን ተክል ግን ሩቅ ሄደው እንደሚያመጡ ይናገራሉ። ተክሉን ከዘመዱ የሚለየው ሽማግሌ ሲሞት ደግሞ የሚተካው ወጣት በጣም ጥቂት ነው። ይህ ከተክሉ መጥፋት ባልተናነሰ ሊያሳስበን ይገባል፤ ዋጊኖስ የተፈረደበት የሚያውቁት ሰዎች በሌሉበት ችሎት ነውና።

> የተፈረደበት የሚያውቁት ሰዎች በሌሉበት ችሎት ነው።

ያልተጻፈው ልቦለድ

የአማርኛ አንባቢ የምርመራና የስለላ ታሪክ ይወዳል። ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸው መጻሕፍት ትውልድ አስነብበዋል፤ ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራን በአማርኛ ልቦለድ አስለምዷል። ታሪካዊ ልቦለዳችንም ከብርሃኑ ዘሪሁን የቴዎድሮስ ዘመን ጀምሮ መንገድ አለው። ሁለቱ ግን በተክል ላይ አልተገናኙም። ኡምቤርቶ ኤኮ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው «የጽጌረዳ ስም» ውስጥ ገዳም፣ የዕፅዋት ዐዋቂ መነኩሴና መርዝ የተቀባ የመጽሐፍ ገጽ አገናኝቶ ዓለምን አስነብቧል። ገዳምና ብራና፣ ዕፀ ደብዳቤ የሚያነብ ደብተራ ባለበት አገር ይህ ሴራ ባዕድ አይደለም።

እንዲህ ያለ ልቦለድ ቢጻፍ ዋና ገጸ ባሕርይው ብሩስ ሊሆን አይገባም። ብሩስ በጉዞ መጽሐፉ ባሉጋኒን ወደ ጎን ገፍቶ ሥዕሎቹን የራሱ ሥራ አስመስሏል። ሠዓሊው እ.ኤ.አ. በ1771 ጎንደር ላይ ስለሞተ የሚከራከርለት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሦስት ተመራማሪዎች፣ ሑልተን፣ ሄፐርና ፍሪስ፣ የባሉጋኒን የዕፅዋት ሥዕሎች በስሙ ሰብስበው አሳተሙ። ለሥራው ባለቤትነት ሁለት ምዕተ ዓመት የጠበቀ ወጣት ከብሩስ ይልቅ የሚስብ ምስክር ነው። ከእሱም በላይ የሚስበው ሥሩን ያደቀቀው ያ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ነው፤ ወይም ያች ሴት።

ታሪኩ በጥቅምት 1762 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ይጀምራል። ንጉሡ ሞተዋል። አሳላፊው በሥርዓቱ መሠረት በመዳፉ ቀምሷል፣ እሱ ግን ቆሞ ይሄዳል። ስለዚህ መርማሪው ከሦስት አንዱን ማረጋገጥ አለበት፦ መርዙ ከቅምሻው በኋላ ገብቷል፣ ወይም አሳላፊው አስቀድሞ ማርከሻ ወስዷል፣ ወይም ደግሞ መርዙ ከትግራዩ አረም ወገን ሆኖ ለሳምንታት በንጉሡ ማዕድ ላይ ብቻ ሲጨመር ኖሯል። ሦስተኛው እውነት ከሆነ አሳላፊው ነፃ ነው፤ ጥያቄው የሚቀርበው የንጉሡን ዱቄት ለብቻ ለምታስፈጨው ለወጥ ቤቷ ይሆናል።